ሳይነኳት የምትጮኽ መኪና

መኪና አለኝ ስላችሁ ገንዘብ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም መኪና አለኝ ከምል፣ እኔ ነኝ ያለኋት ብል ለእውነት ይቀርባል። የምታዘኝ እሷ ናት። ቁም ስትል እቆማለሁ፣ ግፋ ስትል እገፋለሁ።

ትንሽ ናት። ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሰውና አንድ ትዕግሥተኛ ትይዛለች። ሰማያዊ ናት፤ አንደኛው በሯ ግን ነጭ ነው። ነጩ በር ከምን አለሽ ተራ የተገኘ ነው። ከየትኛዋ መኪና ላይ እንደተፈታ አይታወቅም። እሱም ከመጣ ጀምሮ ከቀረው አካሏ ጋር አልተግባባም፤ ሲዘጉት ይከፈታል፣ ሲከፍቱት ይነክሳል።

የታላቅ ወንድሜ የደረጀ መኪና ነበረች። ደረጀ የልጆች ጫማ ለሱቆች ያከፋፍል ነበር። ጫማውን እስከ ጣራዋ ድረስ ጠቅጥቆ መርካቶን ከላይ እስከ ታች ያካልላል። አምና ታመመ። ብዙም አልቆየ። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ ይለፈኝ። ብቻ እሱ ሄደ፣ መኪናዋ ቀረች። ቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቁልፉ እጄ ገባ። የጫማውን ሥራም እኔው ያዝኩት።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ፊዚክስ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ተምረናል። ኤሌክትሪክ ከፖዘቲቭ ተነስቶ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል ብለውናል። የኛ መኪና ኤሌክትሪክ ግን ተማሪ ቤት አልገባም። መነሳቱን ይነሳል፤ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ራሱ አያውቅም። የግራ ፍሬቻ ሳበራ ሬዲዮው ይከፈታል። ሬዲዮውን ስዘጋ የኋላ መብራቷ ይጠፋል። ፍሬን ስይዝ የውስጥ መብራቷ ቦግ ይላል፤ ሲመሽ ቁልቁለት ስወርድ የሚያየኝ ሰው ሠርግ ቤት እየሄደ ነው ይላል። ወደ ግራ መታጠፍ የፈለግኩ እንደሆነ አስቀድሜ ዜና መስማት አለብኝ። የፒያሳን አደባባይ ስዞር የዓለምን ሁኔታ እጨርሳለሁ።

ይሄ ሁሉ ይቻላል። ሰው ከብዙ ነገር ጋር ይለማመዳል። ያልተቻለው ክላክሷ ነው።

ሰው ሳይነካት ትጮኻለች። ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ጩኸቱም እንዲሁ ጩኸት አይደለም። ጢጥ ጢጥ። ሁለቴ፣ አጠር አጠር አድርጋ። ይሄ ደግሞ የደረጀ ክላክስ ነው። ማታ ሲገባ በራችን ላይ አንዴ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል፣ እማዬ ነጠላዋን እየሳበች ወጥታ ትከፍትለታለች። ቤታችን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው። እዚያ ሰፈር ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፤ አገር አቋራጩም ሚኒባሱም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እማዬ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የሱን ለይታ ትሰማ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ በራሷ ትጮኽ ጀመር። የምታድረው ከግቢያችን ውጭ፣ አጥሩን ተጠግታ ነው። እንግዲህ አስቡት። ምሽት ላይ ጢጥ ጢጥ ይላል። እማዬ ትወጣለች። በሩን ትከፍታለች። ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች። ትዘጋለች። ምንም አትልም። የኔ ክፍል ለብቻዋ ከበሩ አጠገብ ናት፤ በመስኮት አያታለሁ። እኔም ምንም አልልም።

አንድ ቀን ግን ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰች፣ «መኪናዋን ሽጣት» አለችኝ።

«ለምን እማዬ?»

«ትጠራኛለች። ስወጣ ሰው የለም።»

ከሷ ጋር መከራከር አልችልም። መሸጥም አልችልም። የመኪናዋ ወንበር እስካሁን በደረጀ እግር ልክ እንደተገፋ ነው ያለው። እኔ ከሱ አጭር ነኝ፤ ፍሪሲዮን ልረግጥ ስል ከወንበሩ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ልደርስ ምንም አይቀረኝም። ወንበሩን ግን ወደፊት አላስጠጋሁትም። ወንበር ማስጠጋት ያቃተው ሰው እንዴት ብሎ መኪናውን ይሸጣል?

«አሠራታለሁ» አልኳት። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

ዳቦውን አስቀመጠች። «ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ዝም አስብላት። ያለዚያ ትሸጥ» አለች።

ሙት ዓመቱ ሩቅ አልነበረም። በማግስቱ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ፊውዝ ነው አለ። ፊውዝ ቀየረ። እሱ ጋ ዝም አለች፤ ጥጉን እንደዞርን ጢጥ ጢጥ። ሁለተኛው አንዱን ገመድ ፈትቶ ሌላ ቦታ አሰረው፣ ክላክሷ ሳይሆን ሬዲዮዋ ዝም አለ፤ ገመዱን ወደ ቦታው አስመለስኩት። ሦስተኛው ቆራጥ ሰው ነበር። ክላክሱን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። «በቃ፣ ምላሷን ቆረጥኩልህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ባዞር ሞተሩ አልነሳ አለ። ክላክሱን መለሰው፣ ተነሳ። ነቀለው፣ ጠፋ። ሰውየው ካቻቪቴውን መሬት ላይ አስቀመጠና አገጩን ያዘ።

«ይቺን ማነው የሠራት?»

«ወንድሜ ከጓደኛው ጋር።»

«እንግዲያው እነሱ ይፍቱት። ይሄ የመኪና ገመድ አይደለም፣ የዘመድ ገመድ ነው።»

ማታ ማታ ባትሪውን አትነቅለውም ወይ የሚል ብልህ ከመካከላችሁ አይጠፋም። ነቅዬዋለሁ። ጠዋት ገመዱን ልመልስ ገና ብረቱን ሳስነካው ያጠራቀመችውን በአንድ ጊዜ ትለቀዋለች። ጎረቤቶቻችን ዶሮ ማርባት የተዉት በሷ ምክንያት ነው ይባላል። አውራ ዶሮዎቹ ሥራ አጡ።

የወንድሜ ጓደኛ ያልኳችሁ ሸምሱ ይባላል። ሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ደረጀ አንዴ ተጭኖት ሁለቴ የሚጮኽ ክላክስ ፈለገ። ለምን ብትሉኝ፣ ደረጀ ነዋ። ሸምሱ ደግሞ እሱን አይሆንም ማለት አያውቅም። ክላክሱን ከፍሬቻው፣ ፍሬቻውን ከምኑም ከምኑም አገናኝተው ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። ሲጨርሱ የተረፋቸውን ገመድ አይተው ሳቁ። ይህን አስታውሳለሁ። ሸምሱ ግን ደረጀ ሳይታመም ነው አባቱ ደክመውበት ገጠር የገባው፤ ስልኩም አይሠራም። ሰው ብልክም አላገኘሁትም።

ወሬውን ያገኘሁት በዓርብ ሰላት ነው ብል አትደነቁ።

አንድ ዓርብ አንዋር መስጊድ አጠገብ ላለ ሱቅ ጫማ አድርሼ፣ ሕዝቡ ሳይወጣ ልወጣ ስል ሰዓቱ አመለጠኝ። ሰው ምንጣፉን እየዘረጋ መንገዱን ሞላው። ከፊቴ ምንጣፍ፣ ከኋላዬ ምንጣፍ። ሞተሩን አጠፋሁና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሆዴ «እባክሽ» አልኳት። ልመና አትወድም። ጢጥ ጢጥ።

በቀኜ ምንጣፋቸውን የሚያስተካክሉ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። ሁለት እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ አሳየኋቸው። ጢጥ ጢጥ።

«አንተ ልጅ፣ ሰላት ሊጀመር ነው እኮ» አለ አንድ ጎረምሳ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እሷ ናት።»

«ማን ናት?»

መልስ ሳልሰጠው ሽማግሌው ተነሱ። «ኮፈኑን ክፈተው» አሉኝ። ከፈትኩ። የባትሪውን ገመድ በእጃቸው ነቀሉና ጫፉን አስጨበጡኝ። «በል ያዛት። እሷም ትረፍ፣ አንተም እረፍ» አሉኝና ወደ ምንጣፋቸው ተመለሱ።

ሰላቱ እስኪያልቅ ገመዱን እንደጨበጥኩ ኮፈኗ ሥር ቆምኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ሲጎነበስ እኔም ሳላውቀው አንገቴን ደፋሁ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ብቻ ደረጀ ካረፈ ወዲህ ልቤ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ሲያልቅ ገመዱን ብመልሰው ሕዝቡ መሐል እንዳትጮኽ ፈራሁ፤ ሰዎቹ ምንጣፋቸውን ብብታቸው ሥር እየከተቱ መጡና ገፉልኝ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ፣ ያን ቀን እኔ ሎሚ ሆንኩ። መግፋት የሚፈልገው ሰው ከመኪናዋ በለጠና ከኋላ ቦታ ያጡት ከጎን ሆነው በምክር ይገፉኝ ጀመር። ከገፊዎቹ አንዱ በመስኮት አጎንብሶ፣ «ይቺ የደረጀ አይደለችም?» አለኝ።

«ነበረች።»

«ነፍስ ይማር። ሸምሱ እኮ መጥቷል። ሰሞኑን ከገጠር ተመለሰ። ነገ ሶማሌ ተራ ብትሄድ ታገኘዋለህ።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሶማሌ ተራ ነበርኩ። ሸምሱ ድሮ ከነበረበት ቦታ፣ ያገለገሉ የመኪና መስታወቶች ከሚሸጡት ከጋሽ ወልዴ አጠገብ፣ ባትሪ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሻዩን ያመጡለት እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ የዚያ ሰፈር ሻይ ሁሉ የሳቸው ነው። መኪናዋን ሲያይ ብርጭቆውን ጣል አድርጎ ተነሳ። መጀመሪያ ያቀፈው እኔን አይደለም። ኮፈኗን መታ መታ አደረገና፣ «የኔ ቆንጆ፣ እስካሁን አልጣሉሽም?» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ትንሹ፣ አድገሃል። ደህና ናችሁ? ደረጀስ?» አለኝ።

ደረጀስ።

አልሰማም ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር። ከዚያ እጁን አየሁ፤ ካቻቪቴ ይዟል።

መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ይህን ማንም ያውቃል። መርዶ ማለዳ ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ትልልቅ ሰዎች ቀስ ብለው ገብተው፣ ደጋፊ አጠገቡ ቆሞ። እንደኔ ያለ ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል፣ ካቻቪቴ የያዘን ሰው በቆመበት «ሞቷል እኮ» አይለውም። ቢወድቅስ? ያውም ሶማሌ ተራ፤ የሚወደቅበት ሁሉ ብረት ነው።

«ደህና ነው» አልኩ። «ሐዋሳ ሄዷል።»

ሐዋሳ ከየት እንደመጣችብኝ አላውቅም። ሄጄባትም አላውቅ።

ሸምሱ ግንባሩን ቋጠረ። «ሐዋሳ? እትዬ ዘነቡ ጅማ ነው አሉኝ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ድሬዳዋ ነው አሉኝ።»

ዞሬ አየኋቸው። ሁለቱም የኛ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሁለቱም ሸምሱ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ሰው ይንገረው ብለው ሲጠባበቁ ነው የቆዩት። እትዬ ዘነቡ የሻይ ብርጭቆ ይለቅሙ ነበር፤ አጎንብሰው ቀሩ።

«ጅማ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከጅማ ነው ሐዋሳ የገባው።»

ጋሽ ወልዴ ከመስታወቶቻቸው መሐል ሆነው ጨመሩ። «በድሬዳዋ በኩል።»

«ከጅማ ሐዋሳ በድሬዳዋ በኩል?» አለ ሸምሱ።

«ጫማ ነጋዴ አይደል» አሉ ጋሽ ወልዴ። «መሄድ ሥራው ነው።»

«ቆይ» አለ ሸምሱ። ስልኩን አወጣ። «ደውዬ እሰድበዋለሁ። አንድ ሰላምታ እንኳ አይልክልኝም?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የደረጀ ስልክ እኔ ጋ ነው። ደንበኞቹ የሚያውቁት ያንን ቁጥር ስለሆነ አልዘጋሁትም። የዚያን ዕለት የግራ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጠራ። ኪሴ ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው ድምፁ። እትዬ ዘነቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ወልዴ አንድ መስታወት አንስተው መወልወል ጀመሩ፤ በዚያ መስታወት ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

«ይጮኻል» አለ ሸምሱ።

«መኪናዋ ናት» አልኩ።

«ሱሪህ ውስጥ?»

ኪሴን በእጄ ጫንኩት። ስልኩ ዝም አላለም። «ስልኩን ትቶልኝ ነው የሄደው» አልኩ በመጨረሻ። «ለሥራ።»

ሸምሱ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። የሆነ ነገር ሊጠይቅ ከንፈሩን አላቀቀና ተወው። «እሺ» አለ። «ሲመጣ እንሠራታለን። ያለሱ ኮፈኗን አልከፍትም። አንዴ ለብቻዬ አንድ ገመድ ብነካ ወር ሙሉ አኩርፎኛል። ሁለታችንም ካልቆምን ማንም አይነካትም ተባብለናል።»

እንግዲህ ያለሁበትን ተመልከቱ። እማዬ መኪናዋ ዝም ካላለች ትሸጥ ብላለች። ዝም የሚያሰኛት ሸምሱ ብቻ ነው። ሸምሱ ደረጀ ካልመጣ አልነካትም አለ። ደረጀ አይመጣም። ይህን ደግሞ ለሸምሱ መንገር አይቻልም።

ጋሽ ወልዴ በጣታቸው ጠቀሱኝ። ሱቃቸው ኋላ ወስደው ቁልቁል አዩኝ።

«ሐዋሳን ከየት አመጣሃት?»

«ድሬዳዋስ ጋሼ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የምለው አይጠየቅም። ይሄ ነገር አደረ፣ ሸተተ። ነገ ማለዳ እንነግረዋለን። አጎቱን ሐጂ ሙዘሚልን እኔ አናግራቸዋለሁ። አንተ መኪናዋን ይዘህ ና።»

«ትጮኻለች እኮ ጋሼ።»

«ከቤቱ ራቅ አድርገን እናቆማታለን።»

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ጫንኳቸው። ጋሽ ወልዴ ከፊት። ሐጂ ሙዘሚል ከኋላ፤ ሰፊ ሰው ናቸው፣ ከነጋቢያቸው ሁለት ቦታ ያዙ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ካልመጣሁ ብለው በቀረችው ቦታ ገቡ። ሸምሱ ኮልፌ ነው የሚኖረው። መንገዱን ሁሉ ማንም አልተናገረም። አንዴ ብቻ ወደ ግራ ስታጠፍ ሬዲዮው ተከፍቶ አንድ ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ተናገረ። ሐጂ ሙዘሚል «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ፤ ለጤፉ ይሁን ለመኪናዋ አልገባኝም።

ከቤቱ ራቅ ብለን ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። እጅግ ጸጥ ያለ ነበር። «ቀስ በሉ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እኔ ልቅደም።» ነጩን በር ገፋ አደረጉት።

ጢጥ ጢጥ።

ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ጋሽ ወልዴ አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ እንደሆነ። ጢጥ ጢጥ። ከታች አንድ የቆርቆሮ በር እየተንኳኳ ተከፈተ። ሸምሱ በሽርጥ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እየሳቀ ብቅ አለ።

«አንተ ውሸታም» አለ ከሩቅ። «ከድሬዳዋ በሌሊት ገባህ?»

እየሮጠ መጣ። በሾፌሩ በኩል አጎነበሰ። እኔን አየ። ሳቁ ገና ከፊቱ አልወረደም ነበር። ከዚያ ጋሽ ወልዴን አየ። ከዚያ ከኋላ አጎቱን። ከዚያ የእትዬ ዘነቡን ነጠላ። በዚህ ከተማ፣ ሽማግሌዎች ገና በማለዳ በአንድ መኪና ተጠቅጥቀው ከደጁ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

«ማነው?» አለ።

እኔን እንደገና አየኝ። ወንበሩን፣ መሪውን አየ። «ኢና ሊላሂ» አለና ኮፈኗ ላይ ተደፋ።

ወርደን ከበብነው። አለቀስን። እኔም ያን ቀን በደንብ አለቀስኩ። በለቅሶው ሰሞን ድንኳን ስተክል፣ ወንበር ስደረድር፣ ሰው ስቀበል ጊዜ አላገኘሁም ነበር። የሰፈሩ ሰው ወጣ። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አብረውን ያለቀሱ ነበሩ። ማልቀስ እንደ መግፋት ነው፤ አንዱ ከጀመረ ሌላው እጁን ይጨምራል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሸምሱ ቀና አለ። ፊቱን በፎጣው ጠረገ። «በድሬዳዋ በኩል» አለ።

የእትዬ ዘነቡ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል ሳቅ ነው። ሸምሱም ሳቀ። ጋሽ ወልዴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐጂ ሙዘሚል ነገሩን አያውቁትም፤ «ምንድነው? ድሬዳዋ ምን ሆነ?» እያሉ ሲጠይቁ ጭራሽ ባሰብን። «እሱ እኮ» አለ ሸምሱ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «ከመርካቶ ወጥቶ አያውቅም። መኪናዋ ከዚህ ራቅ ካለች አትመለስም እያለ።»

ከዚያ ተያይዘን እኛ ቤት ሄድን። እማዬ ሸምሱን ስታይ ተነሳች፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። እሷ ናት እሱን ያባበለችው። አባቱን ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ውኃ አጠጣችው። ሲረጋጋ «እስቲ መኪናዋን ልያት» አለ። ሁላችንም ተከተልነው። ኮፈኗ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደኔ ዞረ። «አንተ በዚያ በኩል ቁም» አለኝ። «እሱ ይቆምበት በነበረው።» ቆምኩ። ያኔ ከፈተው።

አሠራሩን ላሞግስላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ሸምሱ ራሱ የሠራውን አላወቀውም። «ይሄን ማነው እዚህ ያሰረው?» ይላል። «እናንተ» እለዋለሁ። «እኔ እንደዚህ አላስርም። እሱ ነው፣ ይሄ የሱ ቋጠሮ ነው» ይላል። ይሰድበዋል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ይስቃል፣ ሌላ ገመድ ይስባል። አንዱን ሲስብ ፍሬቻው በራ፣ ሌላውን ሲስብ ሬዲዮው መዝሙር ጀመረ። በመጨረሻ በነጩ በር ሥር የሚያልፍ አንድ ገመድ አገኘ። ላዩ ተልጦ ብረቱን ይነካል። ሲነካ ትጮኻለች።

«እማማ» አለ ቀና ብሎ። «ሁለት መንገድ አለ። ይሄን ሁሉ ከሥሩ ቆርጬ እንደማንኛውም መኪና ተራ ክላክስ ላድርግላችሁ። ወይ ደግሞ ይሄን ገመድ ብቻ ልቀይረውና ሁለቴ መጮኹ ይቆይ። ሲጫኗት ብቻ ትጮኻለች።»

«ቁረጠው» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ።

«አንተን አልጠየቀህም» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ ደረጀ የመጣ እየመሰለሽ ስትወጪ…» አልኩ።

እማዬ ገርሟት አየችኝ። «ደረጀን እኔ አይደለሁ የቀበርኩት?» አለች። «መሞቱ ይጠፋኛል? የምወጣው አንተ መጣህ ብዬ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ዞር ብለው ነጩን በር ያዩ ጀመር።

«ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን በር አስከፍተኸኝ አታውቅም» አለች። «እንደ ሌባ በሩን ቀስ አድርገህ ገፍተህ ክፍልህ ትገባለህ። መግባት አለመግባትህን በምን ልወቅ? ጢጥ ጢጥ ሲል፣ ዛሬስ እንደ ሰው መጣ ብዬ እወጣለሁ። መኪናዋ ቆማለች፣ አንተ የለህም። ስንት ጊዜ እሳት ላይ ወጥ ጥዬ ወጣሁ።»

እኔ ደግሞ እሱን እንዳላስታውሳት ነበር ድምፄን አጥፍቼ የምገባው። ይህን ልነግራት ፈለግኩ። አልወጣልኝም። እሷም የጠበቀች አልመሰለኝም።

«ሁለቴ ትጩኽ» አለችው ሸምሱን። «ግን እሱ ሲነካት ብቻ።»

ሸምሱ ገመዱን ቀየረ። እትዬ ዘነቡ ፕላስተር አቀበሉት፣ ጋሽ ወልዴ ሳይጠየቁ መከሩት፣ ሐጂ ሙዘሚል ከእማዬ ወንበር ላይ ሆነው ዱዓ አደረጉላት። ሲጨርስ ቆመን ጠበቅናት። ዝም አለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። አውቶቡስ ተራ ብቻ ይጮኻል። ስለ መሸጥ የተናገረ ሰው የለም።

«በል ዞረህ ና» አለችኝ እማዬ። ግቢ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ነዳኋት። አውቶቡስ ተራን አንድ ጊዜ ዞርኩ። ሻንጣ የተሸከመ መንገደኛ፣ «ጎጃም፣ ጎጃም» የሚል ደላላ፣ ሁሉም እንደወትሮው ነው። ተመልሼ በራችን ፊት ለፊት ቆምኩ። ሸምሱ አጥሩን ተደግፎ እያየኝ ነው። እጄን ክላክሱ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ተጫንኩት።

ጢጥ ጢጥ።

በዚያው ቅጽበት የዝናብ መጥረጊያዋ ብድግ አለ። ሰማዩ ላይ የጭስ ያህል ደመና የለም፤ እሱ ደረቅ መስታወት ላይ ክርር ክርር እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ አልቆመም። ሸምሱን አየሁት።

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለ እጁን እያነሳ። «ደረጀ ነው።»

የበሩ መቀርቀሪያ ተሰማ። እማዬ ወጣች። መጥረጊያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀና ብላ ሰማዩንም አየች።

«በበጋ ዝናብ የሚጠርግ ልጅ ነው የወለድኩት» አለች። «ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።»

ወርጄ ሄድኩ። ለአንድ ሰው ግማሹ በር ይበቃ ነበር። እማዬ ሁለቱንም የበር ክንፍ ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ።